ቆርቆሮውን ከመጣላችን በፊት



ውድ አንባቢዎቻችን፤ በዚህ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ ስናነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምናተኩረው በሰላት፣ በቁርኣን ቂርኣትና በትምህርት ቤት ውጤት ላይ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ቦታ ወደማንሰጠው ጉዳይ እናመራለን። ይኸውም ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው በገዛ እጃቸው የሚሠሩት ሥራ ነው። ርእሱን ያስነሣን ከጉለሌ የደረሰን የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው።

የእህታችን ጉዳይ እንዲህ ነው። የ14 ዓመት ልጃቸው ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ከሽቦና ከቆርኪ የላዳ ታክሲ አምሳያ እየሠራ ነው። አባትየው ለብዙ ዓመታት ላዳ ነድተው ቤተሰባቸውን ያስተዳደሩ ሲሆን፣ መኪናዋን ከሸጡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ልጁ የሚሠራው ያችኑ የአባቱን ላዳ ነው። አባት ግን ደስ አላላቸውም። «እኔ ዕድሜዬን በዘይትና በግራሶ የጨረስኩት እሱ በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዲያድር ነው፤ ልጄ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ አላይም» ብለው አንድ ቀን ዕቃውን ሁሉ ሰብስበው ሊጥሉት ሲሉ እናት ለምነው አስቀሩት። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ በአንድ ማዕድ ቢቀርቡም አይነጋገሩም። እህታችን የጠየቁን ሁለት ነገር ነው። የመኪና አምሳያ መሥራት በሸሪዓው ችግር አለበት ወይ? ልጁንስ ልከልክለው ወይስ ልተወው?

በመጀመሪያው ጥያቄ እንጀምር። ዑለሞች በምስል ጉዳይ ሲናገሩ ነፍስ ያለውን ነፍስ ከሌለው ይለያሉ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በሥዕል ሥራ ይተዳደር የነበረ አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ፣ የግድ መሥራት ካለበት ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። መኪና ነፍስ የላትምና ከዚህ ወገን ናት። ልጁ በመሪው ላይ ሹፌር ላስቀምጥ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ምዕራፍ ይከፍታል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአሻንጉሊት ይጫወቱ እንደነበርና ከመጫወቻዎቻቸውም መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ እንደነበረ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን አይተው እንዳልከለከሏቸው በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ብዙ ዑለሞች ከዚህ ተነሥተው ለልጆች መጫወቻ ገር ሆነዋል። ዝርዝሩን የአካባቢውን ኡስታዝ መጠየቅ ይበጃል። ወንበሩን ባዶ መተው ግን ከክርክሩ ሁሉ ያወጣል። ሹፌሩ ለሰላት ወርዷል ብሎ ማሰብም ያምራል።

አባትን ያስከፋቸው ግን ሸሪዓው አይመስለንም፤ «ቀጥቃጭ» የሚለው ስም ነው። በአገራችን የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ እያሉ መስደብ የተለመደ ነበር። ጉለሌ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ለከተማው ጀበናና ምጣድ ሲያቀርቡ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ከተማውን ጋቢና ነጠላ ሲያለብሱ ኖረው፣ በምላሹ የተረፋቸው ብዙ ጊዜ መጥፎ ስም ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወሳል። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲድሊ የተባለች መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ደረሰ። መኪናና የባለእጅ ክብር በአንድ ዓመት ከከተማችን በር ደረሱ ማለት ይቻላል። መኪናው ገብቶ ተስፋፋ፤ ክብሩ ግን እዚያው በር ላይ እንደቆመ ዘገየ።

በኢስላም ግን በሐላል የሚሠራ እጅ የተናቀ አይደለም። ነቢዩ ዘከርያ (ዐ.ሰ.) አናጺ እንደነበሩ፣ ነቢዩ ዳውድም (ዐ.ሰ.) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር በሐዲስ ተነግሮናል። በሱረቱ ሰበእ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ለዳውድ ብረትን እንዳለዘበላቸው፣ ሰፋፊ ጥሩሮችን እንዲሠሩና የሰንሰለቱን ቀለበቶች በልክ እንዲያደርጉ እንዳዘዛቸው እናነባለን። ልብ እንበል፤ ትእዛዙ እንዲሠሩ ብቻ አይደለም፤ ልኩን ጠብቀው እንዲሠሩ ነው። ቀለበቱ ከሰፋ ጦር ያሳልፋል፤ ከጠበበ ለባሹን ያስራል። በዛሬው ጽሑፋችን ለማለት የፈለግነውም ይህንኑ ነው። የአንድ ልጅ የቆርቆሮ ላዳ ዋጋ የሚኖራት በልክ ከተሠራች ነው። በልክ የሠራት ልጅ ከመጫወቻ የበለጠ ነገር አግኝቷል።

ለመሆኑ የምትሠራው መኪና ምንድን ናት? ላዳ በትውልዷ የጣሊያንና የሩሲያ ልጅ ናት። ፊያት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ፊያት 124 የተባለችውን መኪና ለገበያ አወጣ። በዚያው ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶልያቲ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ተተከለ። ከፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የወጣችው ቫዝ 2101 ላዳዎች ሁሉ የተገኙባት እናት ናት። ሩሲያውያኑ ግን ጣሊያናዊቱን እንዳለች አልገለበጧትም። ለመጥፎ መንገድና ለብርድ እንድትሆን ላሜራዋን አወፈሩ፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላ ፍሬኗንም ከዲስክ ወደ ታምቡር ለወጡ። እኛ ዘንድ ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተወዳጀበት ዘመን በብዛት ገባች። ገላዋ ሰማያዊ፣ ጣራዋ ነጭ ሆኖ የኮንትራት ታክሲ ሆነች። እስከ ዛሬም በአዲስ አበባ «ላዳ» ሲባል ታክሲ ማለት ነው። ከፒያሳ ወደ አዲሱ ገበያና ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትወጣ፣ ሙሽራም ሆነ ምጥ የያዛት እናት ያልተጫነባት ላዳ የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ላዳዎች ከመንገዱ እየተመናመኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በየመንገዱ የምናየው የኤሌክትሪክ መኪና በርክቷል። ያረጀች መኪና መንገድ ብትለቅ የሚያስለቅስ ነገር የለውም። ነገር ግን በእርሷ ልጆቹን ያሳደገ አባት ቤት ውስጥ ታሪኳ በአምሳያ ቢቀመጥ ነውሩ ምን ላይ ነው?

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። የአምሳያ ሥራ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት እጥፍ ትነስ?» የሚል ነው። በዓለም ላይ የተለመዱ ልኮች አሉ፤ 1/43፣ 1/24፣ 1/18 ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ለጉለሌው ልጅ ግን ልኩን የሚወስንለት ቆርኪው ነው። የላዳ ጎማ ከነቸርኬው ከዳር እስከ ዳር ወደ 58 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የለስላሳ ቆርኪ ከነጥርሱ 3.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 58ን ለ3.2 ብናካፍል 18 እናገኛለን። ስለዚህ ቆርኪ ጎማ የምትሆነው በ1/18 ለተሠራች ላዳ ነው። ብዙ የልጆች መኪና ዓይን የማይሞላው ጎማው ለገላው ትልቅ ወይም ትንሽ ስለሚሆን ነው። ልጁ ከቆርኪው ተነሥቶ ቢያሰላ ግን ይህ ችግር ከመጀመሪያው ይቀረፋል።

እንግዲህ ቀሪው ማካፈል ብቻ ነው። የቫዝ 2101 ርዝመት 407 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ18 ሲካፈል 22.6 ይሆናል። ስፋቷ 161 ሲሆን 9 ገደማ ይደርሳል። ከፍታዋ 144 ነው፤ ልክ 8 ይሆናል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው 242 ሲሆን 13.5 ገደማ ይሆናል። የፊት መብራቶቿ ሁለት ክቦች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ በአምሳያው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ከኪኒን ማሸጊያ ላይ የምትቆረጥ ክብ ጉብታ ለዚህ ትስማማለች። አባትየው ይነዱ የነበሩት 2107 ከሆነ ግን መብራቱ አራት ማዕዘን ነውና ክብ መብራት መግጠም የሌላ ሰው መኪና መሥራት ነው። ሹፌር ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሥራው በቅደም ተከተል ቢሄድ ይቀላል። መጀመሪያ መኪናዋ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላና ከላይ ስትታይ ያለውን ቅርጽ በልኩ በወረቀት ላይ መሣል። ቀጥሎ ሥዕሉን በካርቶን ላይ ቆርጦ ያለ ሙጫ በክር አስሮ ማየት፤ ካርቶን ቢበላሽ ኪሳራ የለውም። ካርቶኑ ልክ ከሆነ በኋላ በቆርቆሮው ላይ አድርጎ በምስማር ጫፍ ማስመርና መቁረጥ። ኮፈኖውና ጣራው ፍጹም ሜዳ አይደሉም፤ ጥቂት ጎበጥ ለማድረግ በክብ እንጨት ላይ በአውራ ጣት ቀስ እያሉ መጫን ይበቃል። ለመስታወት ጥርት ያለ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ለመሪውና ለስፖኪዮው ቀጭን ሽቦ ይሆናል። የቆርኪው ጥርስ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ሲጠቀለልበት ጎማ ይወጣዋል። ያኔም በማስመሪያ ለክቶ ተመልሶ 3.2 መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ላዳ ከፊትም ከኋላም በሞላ እንጂ በባሌስትራ አትቆምምና ከሥሯ ባሌስትራ የሚያበጅላት ልጅ የጭነት መኪና እግር ሰጣት ማለት ነው። ቀለሙ በመጨረሻ ይመጣል። ነጩ ቀድሞ ይቀባና ሲደርቅ ጣራው ተሸፍኖ ሰማያዊው ይከተላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ልጁ ሳያውቀው የሚማረው ትልቅ ትምህርት አለ። በአምሳያው ላይ 1 ሚሊ ሜትር መሳሳት በእውነተኛዋ መኪና ላይ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስሕተት ነው። በር በ2 ሴንቲ ሜትር ቢዛባ አይዘጋም። ልጁ «ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል» ያላት ሚሊ ሜትር አራቱን ጎን ሲያገጣጥም ራሷን ትገልጣለች። በሚዛንና በስፍር የሚያጎድሉትን አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ምን ያህል እንዳስጠነቀቀ እናውቃለን። ነገ ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ልብስ ሰፊ የሚሆን ልጅ ይህን ከምላስ ብቻ ሳይሆን ከእጁም ቢማረው መልካም ነው።

ሒሳቡም በዚህ አያበቃም። መኪናዋ በርዝመት፣ በስፋትና በከፍታ 18 ጊዜ ስታንስ፣ መጠነ ይዘቷ 18 በ18 በ18 ማለትም 5,832 ጊዜ ያንሳል። እውነተኛዋ 955 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። በሁሉም ነገሯ ብትታነስ ኖሮ አምሳያዋ 164 ግራም ገደማ በሆነች ነበር። ልጁ ሥራውን ሲጨርስ ከሰፈሩ ሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጣት። ትክክል 164 ላትመጣ ትችላለች። ምክንያቱም የመኪና ላሜራ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ፣ ያንን ለ18 ሲያካፍሉት ከወተት ቆርቆሮው እጅግ የሳሳ ይሆናል፤ እንዲያ ያለ ቆርቆሮ ደግሞ በእጅ አይያዝም። ስለዚህ አምሳያ በሁሉ ነገር እውነተኛውን መምሰል አይችልም። የቱ ላይ ልክ እንደሆነ፣ የቱ ላይ እንዳልሆነ ለይቶ መናገርም ራሱ ሐቀኝነት ነው።

«ይህ ሁሉ ለመጫወቻ?» የሚል ቢኖር፣ ታላላቅ ሥራዎች የሚጀምሩት ከዚህ መሆኑን እናስታውሰዋለን። የመኪና ፋብሪካዎች አንድ ብረት ከመቁረጣቸው በፊት አዲሱን መኪና በጭቃ አምሳያ ይሠሩታል። በአሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ በፊሸር ቦዲ ክፍሉ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1968 ለወጣቶች የአምሳያ ሥራ ውድድር ያካሂድ ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ የሠረገላ አምሳያ፣ በኋላም በ1/12 ልክ ራሳቸው የነደፉትን መኪና እየሠሩ ይወዳደሩ ነበር፤ አሸናፊዎቹ የትምህርት መክፈያ ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹም መካከል በኋላ የመኪና ንድፍ ባለሙያዎች የሆኑ አሉ። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ደግሞ የሙስሊሙ ዓለም መሐንዲስ አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 በጨረሱት መጽሐፋቸው የውሃ ሰዓቶችንና የውሃ መሳቢያዎችን አሠራር ከነሥዕሉ ጽፈው ለባለሙያዎች ትተዋል። በዚያው በጉለሌም በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። ብረት መሥራት በአሁኑ ዘመን ወረቀትና እስክሪብቶ የሚጠይቅ ትምህርት ሆኗል። አባት የተመኙት የወረቀት ሕይወትና ልጁ የያዘው ቆርቆሮ እንደሚታሰበው የተራራቁ አይደሉም።

ይህን ስንል ልጓም የለውም ማለታችን አይደለም። አዛን ሲሰማ መቀሱ ይቀመጥ። ትምህርት ሲከፈት ሥራው ለዕረፍት ቀን ይተላለፍ። ለአምሳያው ብለው ከቤት በጀት ላይ አያውጡ፤ ውበቱ ከተጣለ ነገር መሠራቱ ነውና። ከጋራዥ ወይም ከሰው ደጅ የወደቀ ብረትም ቢሆን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነሣ፤ በከተማችን የመኪና ስፖኪዮ እየነቀሉ የሚሸጡ ሌቦች ስንቱን እንዳስለቀሱ እናውቃለንና የኛ ልጅ ሐቅን ከትንሹ ይማር። የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ሲቆረጥ ወፍራም ጨርቅ በእጅ ይያዝ፤ ጠርዙም ወዲያው በሞረድ ይለስልስ። ቀለም ደጅ ይቀባ። ከሁሉም በላይ አንዳንድ ልጆች መኪናቸውን ለማክበድ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ የሚያቀልጡት ነገር ፈጽሞ ይከልከል። የእርሳስ ጢስና ብናኝ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ታናናሾችን ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ክብደት ካስፈለገ ጠጠር ይበቃል።

እህታችን፤ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሳችን ይህ ነው፤ አይከልክሉት። ግን እንዲሁ አይተዉትም። በቤትዎ ውስጥ ስለ ላዳ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው አለ፤ እሳቸውም አኩርፈው ተቀምጠዋል። ልጁ በማስመሪያው የማያገኘው ብዙ ነገር አለ። ኮፈኖው ሲከፈት ወደየት እንደሚያጋድል፣ የትኛው ፓራፋንጎ ተጋጭቶ በስቱኮ እንደተሞላ፣ ከኋላ መስታወቱ ላይ ምን ተለጥፎ እንደነበር መጽሐፍ አይነግረውም፤ አባቱ ግን ይነግሩታል። ልጁን ወደ አባቱ ይላኩት። ሥራዬን ይውደዱልኝ ብሎ ሳይሆን፣ «አባባ፣ ይህ ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ልክ ያልሆነ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም።

ለአባትየውም የምንለው አለን። ወንድማችን፤ ልጅዎ ሊሠራ የሚችለው መኪና ስንት ነበር! ሀብታም የሚነዳውን ትቶ እርስዎ ያሳደጉበትን መረጠ። እርስዎ እጅዎን ያቆሸሸውን ሥራ ልጅዎ እንዳይወርሰው ፈሩ፤ እሱ ግን የወረሰው ለዚያ ሥራ ያለዎትን ክብር ነው። የልጅ ክብር በገንዘብ አይገዛም፤ ሲመጣ ደግሞ ከበር አይመለስም። ሜትርዎን ይዘው አጠገቡ ቢቀመጡ አንድ ክረምት ሳያልፍ ብዙ ያልተነገረ ነገር በመካከላችሁ ሊነገር ይችላል። ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይወጣ ቃል፣ ሁለቱም ወደ አንድ ሥራ ጎንበስ ሲሉ ይወጣልና።

ሌሎች ወላጆችም በየቤታችሁ የተጠራቀመውን የልጆች ቆርቆሮና ሽቦ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ምናልባት በልክ የተሠራ ነገር ታገኙበት ይሆናል። በልክ ካልተሠራም መጣሉ መፍትሔ አይደለም፤ ማስመሪያ ስጡት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን እጃቸው ለሐላል ሥራ የሚታዘዝ፣ ልባቸው ሐቅን የሚወድ ያድርግልን። በአባቶችና በልጆች መካከል ያለውን ፍቅርም ይጠብቅልን። አሚን።

በሚቀጥለው ወር በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።